አረንጓዴው መብራት እስኪበራ

አሰፋሽ ክር ከጨርቅ ጋር የምታመሳስለው በር ላይ ወጥታ ነው። በአምፖል ሥር ጥቁር ሰማያዊው ጥቁር ይመስላል፤ ቡናማው ወደ ቀይ ይጠጋል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ዩኒፎርሙ ተሰፍቶ አልቆ፣ ልጁ ለብሶት ፀሐይ ላይ ሲቆም ነው። ስለዚህ ከደብረ ታቦር ገበያ ከፍ ብላ ባለችው አንድ ክፍል የስፌት ቤቷ ደጃፍ ላይ ክሩን በአንድ እጇ፣ ጨርቁን በሌላ እጇ ይዛ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ስትቆም ያያት የሰፈር ሰው «ዛሬም ከፀሐይ ጋር ትማከራለች» ይላል። ከጉና በኩል ደመና በወረደ ቀን ቀለም የሚጠይቅ ሥራ አትጀምርም።

የልጇን ፊት ግን በር ላይ አውጥታ የምታይበት መንገድ አልነበራትም።

ርብቃ ዓረብ አገር ከሄደች ሦስተኛ ክረምቷን ይዛለች። መጀመሪያ ሰው ቤት ነበረች፤ አሠሪዎቿ አገር ሲቀይሩ ወደ አንድ እርሻ ተዛወረች። እርሻ ሲሏት አሰፋሽ የታያት መሬትና ዝናብ ነበር። ርብቃ በስልክ ያሳየቻት ግን መስኮት የሌለው ትልቅ መጋዘን ነው። ሰላጣው አፈር ሳይነካ፣ ውኃ በሚፈስበት ቦይ ውስጥ፣ እንደ ተደራራቢ አልጋ አንዱ በአንዱ ላይ ተተክሏል። ከየአልጋው በላይ ጥቃቅን መብራቶች ተሰልፈዋል፤ የዚያ አገር እርሻ ፀሐይ እነሱ ናቸው። ፀሐዩም ሐምራዊ ነው።

«ይኸ ምን የሚሉት ብርሃን ነው የኔ ልጅ?» አለቻት መጀመሪያ ያየች ዕለት።

«ቀይና ሰማያዊ አምፖል ሲቀላቀል ነው እማዬ። ቅጠል ከሁሉም አብልጦ የሚወደው እነዚህን ሁለቱን ነው ይላሉ። ሌላውን ማብራት ብክነት ነው አሉ።»

«ሰላጣው ለምን ጠቆረ ታዲያ?»

«አልጠቆረም፤ አረንጓዴ ነው። እዚህ መብራት ውስጥ አረንጓዴ ብርሃን ስለሌለ ነው ጥቁር የሚመስለው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ድሮም ጠይም ነኝ» ብላ ርብቃ ሳቀች።

አሰፋሽ አልሳቀችም። የልጇ ከንፈር ጠቁሮ፣ ከዓይኖቿ ሥር ጥላ ወርዶ፣ የዓይኗ ነጩ ሐምራዊ ሆኖ ነበር የታያት። ከዚያ ወዲህም ሌላ መልክ አላየችባትም። በዚያ አገር በተራው የስልክ ኔትወርክ በቪዲዮ መደወል አይሠራም፤ የሚሠራው በእርሻው ዋይፋይ ብቻ፣ እሱም በእረፍት ሰዓት፣ እዚያው መብራቱ ሥር ነው። መኝታ ቤታቸው ሲገቡ ድምፅ እንጂ ምስል የለም። ፎቶ ላኪ ስትላት ትልካለች፤ ነገር ግን የዘመኑ ስልክ ፊትን በራሱ ጊዜ አለስልሶ፣ አቅልቶ፣ ብጉሩን ጠራርጎ ነው የሚያወጣው። አሰፋሽ እንዲህ ያለውን ፎቶ ከምስክር አትቆጥረውም።

ይህን ያህል ያስጨነቃት ያለ ነገር አይደለም። ባሏ አለምነው የታመመው በክረምት፣ የከተማው መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ሰሞን ነበር። ቤቱ በኩራዝ ነበር የሚያመሽ። ኩራዝ ሁሉን ነገር ቢጫ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ብርድ ነው፣ ድካም ነው እያለ ሄደ። ዝናቡ አባርቶ ደጅ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት ነው ዓይኑ እንደ እርድ መሆኑ የታየው። ጉበቱ ነው ተባለ፤ መስከረም ሳይጠባ አረፈ። ከዚያ በኋላ አሰፋሽ ሰው ሰላም ስትል መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ሆነ። ዘመድም ይሁን ደንበኛ፣ ወይም ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ መንገደኛ፣ ዓይኑ ነጭ መሆኑን ሳታረጋግጥ ወሬ አትጀምርም።

አንድ ቀን ርብቃ ስትደውል «የዓይንሽን የታች ቆብ ሳብ አድርጊና አሳዪኝ» አለቻት።

ርብቃ እንደታዘዘችው አደረገች። ሐምራዊ ነው።

«ነጭ ነገር ከጎኑ ያዢልኝ።» ቀለም ሲያጠራጥራት ነጭ ጨርቅ አጠገቡ ማድረግ የስፌት ልማዷ ነው።

ርብቃ ጓንቷን አውልቃ ከጉንጯ አጠገብ ያዘችው። ጓንቱም ሐምራዊ ነው።

«ጓንቱ መጀመሪያውኑ ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው እማዬ።»

«ታጥቧል?»

«እማዬ፣ ደህና ነኝ እኮ።»

«አባትሽም ደህና ነኝ ይል ነበር።»

ርብቃ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። ከዚያ የእረፍት ሰዓቱ አለቀ።

ከጎኗ ምስርና ሽሮ የምትሸጠው አበበች ይህን ሁሉ ሰምታ በሩን ተደግፋ ቆመች። «አንቺ ሴት፣ ልጅሽ እየሳቀች ታወራሻለች። የኔው ባሕር ዳር ተቀምጦ ሰላምታ እንኳን አይልክ።»

«የአንቺው ቢታመም ባሕር ዳር ሐኪም አለ።»

«ባለፈው ሳንባዋን ነው አልሽ። ፋሲካ ላይ ኩላሊቷን አልሽ። አሁን ደግሞ ጉበቷን። እግዜር ሊያሳምማት ቢፈልግ እኮ ምን ይምረጥ፣ ሁሉን ቀድመሽ ይዘሽበታል።»

«አትቀልጂ አበበች።»

«አልቀለድኩም።» አበበች ነጠላዋን አስተካክላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይልቅ ሐሙሲት የወንድሜ ሚስት ጎረቤት የሆነች ልጅ አለች፤ ዙለይካ ይሏታል። ከዚያው ከሰላጣው ቤት ነው የመጣች አሉ። ሂጂና ጠይቂያት። እኔንም እረፍት ስጪኝ።»

በገበያው ቀን አሰፋሽ በሚኒባስ ወረደች። ከደብረ ታቦር ብርድ ወደ ሐሙሲት ሲወረድ ሰው በየመንገዱ ጋቢውን እያጠፈ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ እሷ ግን እንደተከናነበች ደረሰች። ዙለይካ ከመናኸሪያው ጀርባ ሻርፕና ሽቶ ትሸጣለች። ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች፣ ፈጣን፣ በየቃሉ የምትስቅ ልጅ ናት። አሰፋሽ ማን መሆኗን ስትነግራት ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላት።

«የርብቃ እናት ነዎት? ያቺ ረጅሟ? ኧረ ይቀመጡ እትዬ። እኔ ችግኝ ክፍል ነበርሁ፣ እሷ አጨዳ ላይ። ምሳችንን አብረን ነበር የምንበላ።»

«ታማለች?» አለች አሰፋሽ ሳትቀመጥ።

«ወላሂ ደህና ነበረች።»

«አንቺ መቼ መጣሽ?»

«ከረመዳን በፊት።»

«ከዚያ ወዲህስ ታማ ቢሆን?»

ዙለይካ ሳቋን ያዝ አደረገች። «እንዲህ ከሆነማ እትዬ፣ እኔ ራሴ አሁን ከርስዎ ፊት ቆሜ ደህና መሆኔን በምን ላውቅ?»

አሰፋሽ የልጅቷን ዓይኖች አየች። ነጭ ናቸው። ያኔ ተቀመጠችና ሁሉንም አወራቻት፤ ጥቁር ከንፈሩን፣ ሐምራዊ ጓንቱን፣ የአለምነውን ኩራዝ።

ዙለይካ እያዳመጠች ከመደርደሪያው ስስ ሐምራዊ ሻርፕ አወረደች። አሰፋሽን ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ ወስዳ የስልኳን መብራት አበራችና በሻርፑ ሸፈነችው። በሌላ እጇ ከካርቶን ውስጥ ሁለት ሻርፖች አወጣች። «አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ነጩ የቱ ነው?»

አሰፋሽ ዕድሜ ልኳን ቀለም ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ሁለቱንም አገላብጣ አየች፤ ሁለቱም እንደ ሮማን ውኃ ያለ መልክ ነበራቸው። በመጨረሻ የግራውን ያዘች። ዙለይካ ሐምራዊውን ገለጠችው። በእጇ የያዘችው ቢጫው ነበር።

«አዩ? እኛም ቅጠል ቢጫ ሲመታው በዚያ መብራት አናይም። ጤነኛውም በሽተኛውም አንድ ሆኖ ነው የሚታይ። ለዚህ ፊሊፒናዊቷ አለቃችን አረንጓዴ የእጅ ባትሪ ይዛ በየረድፉ ትዞራለች። አረንጓዴው ሲጨመርበት ሁሉም ወደ መልኩ ይመለሳል።»

«ቅጠሉስ? አረንጓዴ ብርሃን አይወድም አልተባለም?»

«እንደሱ ይሉ ነበር፤ ገፍቶ ይመልሰዋል፣ ለዚያ ነው ራሱ አረንጓዴ የሚመስል። ኋላ ደግሞ መሐንዲሶቹ መጥተው የለም አሉ። ቀዩንና ሰማያዊውን የላይኛው ቅጠል አንዴ ይጨርሰዋል፤ ከሥር ላለው አይተርፈውም። አረንጓዴው ግን የላዩን አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ከሥር ያለውን የሚያገኝ እሱ ነው አሉ።»

«እሱ ከሌለ የታችኛው ምን ይሆናል?»

«ይጠወልጋላ። እየለቀምን እንጥለው ነበር።»

አሰፋሽ ቢጫውን ሻርፕ አጣጥፋ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች። «ባትሪውን ለርብቃ ይሰጧታል?»

«ለአለቃ ብቻ ነው። ትለምናት እስቲ።»

በመልስ ጉዞዋ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ አሰፋሽ ለልጇ የድምፅ መልእክት ላከች፦ አረንጓዴውን ባትሪ ለምነሽ፣ በሱ ፊትሽን አሳዪኝ። ዙለይካ «ሲጨመርበት» ያለችውን ግን አልነገረቻትም። ልቧ የያዘው፣ አረንጓዴ መብራት የተደበቀውን ያሳያል የሚለውን ብቻ ነበር።

ርብቃ አለቃዋን ለመለመን ሳምንት ያህል ፈጀባት። በደወለችበት ቀን አሰፋሽ የመምህራን ማኅበር ያዘዘውን ጋውን እየዘመዘመች ነበር። ስልኩን ከስፌት መኪናው አጠገብ አቆመችው። መጀመሪያ የታየው ጨለማ ነው።

«እማዬ፣ አሁን ተክሎቹ የሚተኙበት ሰዓት ነው፤ የዚህ ረድፍ መብራት ጠፍቷል። ያገኘሁት ጊዜ ይኸ ነው። ቆይ ላብራ።»

አበራች።

ከጨለማው ውስጥ የወጣው ፊት የረጋ ኩሬ መልክ ነበረው። ጉንጩም፣ ከንፈሩም፣ ጥርሱም፣ ዓይኑም ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ደም የሚባል ነገር ያለበት አይመስልም። ያ ፊት ደግሞ ፈገግ ብሎ «ታየሁሽ?» አላት።

አሰፋሽ ስልኩን በግንባሩ ደፋችው። ልቧ እስኪመለስ መቀሷን ጨብጣ ቆየች። መልሳ ስታነሳው ርብቃ አሁንም እዚያው ነበረች፣ ፈገግታዋ ግን የለም።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ነይ» አለች አሰፋሽ። «ዛሬ ነገ ሳትይ ነይ። ሐሞትሽ ደምሽ ውስጥ ገብቷል። እኔ አይቻለሁ፣ ይኸ የሰው መልክ አይደለም።»

«የባትሪው ቀለም ነው እኮ። ብቻውን ሲበራ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሐምራዊውም የመብራቱ ነው አልሽ። አረንጓዴውም የባትሪው ነው አልሽ። የአንቺ የራስሽ የትኛው ነው?»

ርብቃ ባትሪውን ከፊቷ ዝቅ አደረገች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ባትሪውን ያገኘሁት ስንት ቀን ደጅ ጠንቼ ነው። ሰው ሳቀብኝ፤ እናቷ ዓይኗን ልታይ ነው ተባልሁ። ምንም አይደለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የምትፈልጊው ደህና መሆኔን ነው ወይስ መታመሜን?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንጃ እማዬ። ደህና ነኝ ስልሽ አንድም ቀን ደስ ብሎሽ አያውቅም።»

ባትሪው ጠፋ። ስልኩም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ርብቃ የምትደውለው ከመኝታ ቤቷ ሆነ፤ በድምፅ ብቻ። ሰላም ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ አበበች ደህና ናት ይባባሉና ያልቃል። ዝናቡ በርትቶ ነበር። የጉና ጭጋግ እስከ ገበያው ወርዶ፣ አሰፋሽ ለቀናት ክር መምረጥ አልቻለችም፤ ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስትዘመዝም ዋለች። እጇ ሥራ ላይ እያለ ጥያቄው ይመላለስባታል።

በተለይ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆማ ራሷን ያዘችው። አፏ ልጄን ጤና አድርግልኝ ይላል፤ ልቧ ግን ሕመም ሲመርጥ አገኘችው። ቀለል ያለ ሕመም፤ የማይገድል፣ ግን አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍር። ደብረ ታቦር አምጥቶ አልጋ ላይ የሚያስተኛ፣ አጥሚት የሚያስፈልገው፣ እናት አጠገቡ የምትቀመጥለት። ልጇን እንዲህ አስተኝታ፣ ብርድ ልብሷን እስክታስተካክልላት ድረስ በሐሳቧ ሄዳ ነበር። ምእመኑ ሲሰግድ እሷ ዘግይታ ሰገደች።

ለአበበች ነገረቻት። ለሌላ ሰው የሚነገር አይደለም።

አበበች እንደ ወትሮዋ ትቀልዳለች ብላ ነበር። አልቀለደችም። «የኔው ከሥራ ተባረርሁ ብሎ በመጣ ጊዜ» አለች ምስሯን እየለቀመች፣ «ለሰው ሁሉ አለቀስሁ። ማታ ራቱን ሲበላ ሳየው ግን ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ተመልሶ ሄደ እኮ።»

«ሄደ። ልጅ ነዋ።»

ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ልጆች በየደጁ ጅራፋቸውን በሚያጮኹበት ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ በቪዲዮ ጮኸ። አሰፋሽ መርፌዋን ጋውኑ ላይ ሰክታ አነሳችው።

አንዲት ሴት ታየቻት። ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ላብ ያለባት፣ ፀጉሯን በነጭ ቆብ የሸፈነች ሴት። በግራ ጉንጯ ላይ ሁለት ብጉር አለ። ከንፈሯ በብርድ ሳይሆን በአየር ማቀዝቀዣ የተሰነጠቀ የሰው ከንፈር ነው። ከጀርባዋ ሰላጣው እስከ ዳር ድረስ ለምለም ሆኖ ተዘርግቷል፤ አሰፋሽ ያን ሰላጣ አረንጓዴ ሆኖ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ታየሁሽ?» አለች ርብቃ። አሁን በጥንቃቄ ነበር የጠየቀችው።

«ምን አደረጉት መብራቱን?»

«አረንጓዴ አምፖል በየመካከሉ ጨመሩበት። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነጭ ይሆናል። ለኛ ብለው አይደለም፤ ከሥር ያለው ቅጠል እየሞተ ስላስቸገራቸው ነው። የኛም ራስ ምታት አብሮ ቀረ።» ጎንበስ ብላ የላይኛውን ቅጠል በእጇ ገለጥ አደረገችና የታችኛውን አሳየቻት። «ይኸ ድሮ ቢሆን የሚጣል ነበር።»

ቀና ስትል፣ ሳትጠየቅ፣ የዓይኗን የታች ቆብ ሳበች። አሰፋሽ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። የዓይኗ ነጩ ነጭ ነው፤ ቆቡ ውስጡ እንደ ጽጌረዳ ቀይ ነው። ሁለተኛውንም አሳየቻት። እንከን የለበትም። ሰውነቷ እንዲያውም ሞላ ብሏል። ልጅ ሆና ነበር የሄደች፤ አሁን ከአፏ ዳር ትንሽ መስመር ወጥቶባታል፣ ስትስቅ የሚወጣ ዓይነት። ያን መስመር አሰፋሽ ሲወጣ አላየችውም።

«ደህና ነሽ» አለች።

«ደህና ነኝ።»

ይህን ያህል ጊዜ ስትጠብቀው የነበረው ነገር ይኸው መጣ። አሰፋሽ ግን እጇ ባዶ የቀረ መሰላት። ከእንግዲህ ነይ የምትልበት ነገር አልነበራትም።

ርብቃ ዓይኗን ወደ ሰላጣው መለሰች። «የምነግርሽ አለኝ። ይኸን ረድፍ ለኔ ሰጡኝ፤ ቢጫ የመታውን እየለየሁ የማወጣ እኔ ሆኛለሁ። ዓይንሽ ቀለም ይለያል አለችኝ አለቃዬ። ከእናቴ ነው አልኋት።» አንድ ቅጠል ቀነጠሰች። «ኮንትራቴን አሳደስኩ እማዬ። ሁለት ዓመት። ከመፈረሜ በፊት ልነግርሽ ነበር፤ ታመሻል ብለሽ ታስቀሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ደጅ ጅራፍ ጮኸ። ብዙ ነገር አሰፋሽ አፍ ላይ መጣ። አየር ማቀዝቀዣው ለደረት አይሆንም። መብራቱ ዓይን ይጎዳል። ሁለት ዓመት ብዙ ነገር ይሆናል፤ እኔ ልሞት እችላለሁ። ሁሉም የለመደችው፣ ሁሉም እውነት ሊሆን የሚችል ነው። የልጇ ፊት በነጩ ብርሃን ውስጥ ከነዚህ አንዱን ሲጠብቅ አየችው፤ ትከሻዋ ከወዲሁ ጠንክሯል።

«አላስቀርሽም ነበር» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ይህ እውነት እንዳልሆነ ስላወቀች «አስቀርሽ ነበር» አለች።

ርብቃ ሊያመልጣት ያለውን ሳቅ ዋጠችው።

«ዓይንሽን አይቻለሁ፤ ምንም የለብሽም» አለች አሰፋሽ። «ደህና ነሽ። ደህና ሆነሽም ናፍቀሽኛል።»

ይህን ቃል ከዚህ በፊት ብላት አታውቅም። በልተሻል ወይ፣ ለብሰሻል ወይ፣ ሳልሽ ወይ ትል ነበር። ርብቃ በቆቧ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ጠርጋ ስትጨርስ አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር፣ ቅላቱም በግልጽ ታየ።

«እኔም እኮ» አለች። «እኔም በየቀኑ።»

«እረፍትሽ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው። አትዝጊው ግን።» ርብቃ ስልኩን ከሰላጣዎቹ መካከል፣ የቦዩ ጠርዝ ላይ አስደግፋ አቆመችው። ጓንቷን አጠለቀች፤ ነጭ ነው። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቅጠል እየገለጠች ከሥር ታያለች፣ አንዳንዱን ቀንጥሳ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች፣ አንድ እርምጃ ትሄዳለች። አልፎ አልፎ ዘወር ብላ ወደ ስልኩ ታያለች።

አበበች በር ላይ መጥታ «ምን አለች? ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ናት» አለች አሰፋሽ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። «ነይ ተቀመጪና እያት። ሥራ ላይ ናት።»

አበበች በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች፣ ልጅቷ በረድፉ ላይ እየራቀች፣ እያነሰች ስትሄድ ተመለከቱ።